የበረዶ ናዳ፦ መነሻው፣ ጉዳቱና መከላከያው

የበረዶ ናዳ ወይም አቫላንሽ የሚባለው ተራራ ላይ የተከመረ በረዶ ድንገት ተገንጥሎ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ፊልም ላይ ሁሌ አንዱ ይጮሃል ከዛ ተራራው ይናዳል፣ ይሄ ውሸት ነው፣ የሰው ድምፅ በረዶ ለማናድ የሚበቃ ጉልበት የለውም። እውነቱ ደሞ ከፊልሙ ይብሳል፤ ስኪ ሲጫወቱ (በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ) ወይ ተራራ ሲወጡ በናዳ ከሚሞቱት ሰዎች ወደ 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ ናዳውን ያስነሳው ራሱ ሟቹ ነው ወይ አብሮት የነበረ ሰው፣ በክብደቱ ብቻ።

እንዴት ነው ነገሩ? ክረምቱን ሙሉ በረዶው በየጊዜው እየጣለ አንዱ ባንዱ ላይ ይነባበራል፣ ሁሉም ንብርብር ግን እኩል አይጠነክርም። ብርዱ ከርሮ ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ቀናት እርስ በርሱ የማይያያዝ የላላ ክሪስታል ይፈጠራል፣ ከዛ በላዩ አዲስ በረዶ ይጥልና ነፋስ ጠቅጥቆ ጠጣር ሽፋን ያደርገዋል። ላዩ ጠንካራ ስለሆነ ሰው ተማምኖ ይረግጠዋል፣ ስሩ ያለው የላላው ንብርብር ሲደረመስ ግን ስንጥቁ ሰው ሮጦ ከሚያመልጠው በላይ ፈጥኖ ይዛመትና ሽፋኑ እንዳለ ይንሸራተታል። አንዳንዴ ከመናዱ በፊት ከስር ጉም የሚል ድምፅ ይሰማል ወይ ከእግር ስር ስንጥቅ ይሮጣል፣ ይሄን ያየ ሰው ወዲያው ከቁልቁለቱ መውጣት አለበት።

ቁልቁለቱ ራሱ ወሳኝ ነው። አብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቦታ ነው የሚነሳው፣ ከዛ ለጥ ካለ በረዶው ብዙ ጊዜ አይንሸራተትም፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደሞ ሳይከማች ትንሽ በትንሽ እየረገፈ ያልቃል። ችግሩ ጎበዝ የስኪ ተጫዋች በጣም የሚወደውም ያንኑ አደገኛውን ቁልቁለት መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አዲስ በረዶ ባንዴ ከጣለ፣ ነፋስ ከአንዱ ጎን ጠርጎ ሌላኛው ጎን ላይ ከቆለለው፣ ዝናብ ወይ ድንገተኛ ሙቀት ከመጣ አደጋው ይጨምራል፣ ስለዚህ ከወጀብ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ፀሐያማ ቀን ሰው ሁሉ የሚወጣባት ስትሆን አደገኛም ናት።

የመሬት መንቀጥቀጥም ያስነሳል። በ1970 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ፔሩ ውስጥ ከዋስካራን ተራራ በመንቀጥቀጥ የተገነጠለው በረዶና ድንጋይ ዩንጋይ የምትባለውን ከተማ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ቀበራት። በ1910 አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ዌሊንግተን ላይ በወጀብ ምክንያት ቆመው የነበሩ ባቡሮችን ናዳ ጠርጎ 96 ሰው ገደለ፣ በ1999 ደሞ ኦስትሪያ ጋልቱር መንደር ላይ 31 ሰው ሞተ።

ደረቅ የዱቄት በረዶ በሰዓት እስከ 300 ኪሎሜትር ሊምዘገዘግ ይችላል፣ እርጥቡ ቀስ ይላል ግን ክብደቱ ለጉድ ነው። ሲወርድ እንደ ፈሳሽ የነበረው በረዶ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ የተቀበረ ሰው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ሊያቅተው ይችላል። ከድንጋይና ከዛፍ ተጋጭቶ የሚሞት አለ፣ አብዛኛው ግን በአየር እጦት ነው የሚሞተው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም ማለት ነው፣ የሚያድነው አብሮ ያለው ጓደኛ ነው፤ እሱም በ457 ኪሎኸርዝ ሲግናል የሚልክና የሚቀበል ትራንሲቨር፣ ረጅም መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ከያዘ፣ አጠቃቀሙንም አስቀድሞ ከተለማመደ ነው። አንዱ ብቻ ይዞ ሌላው ባይዝ ዋጋ የለውም።

መንደርና መንገድ ለመጠበቅ በጣም የቆየው ዘዴ ጫካ ነው፣ ስዊዘርላንድ አንደርማት ላይ ከመንደሩ በላይ ያለውን ጫካ መቁረጥ በ1397 ነው የተከለከለው። ዛፍ በሌለበት በረዶው ከሚነሳበት ቦታ ላይ የብረት አጥር ይተከላል፣ መንገድና ሃዲድ ላይ ጣሪያ ይሰራል። ካናዳ ሮጀርስ ፓስ ላይ ደሞ ወታደሮች በመድፍ ተኩሰው፣ መንገዱን ዘግተው፣ በረዶው ትልቅ ሳይሆን በፊት ሆን ብለው ያናዱታል።

አውሮፓ ውስጥ ትንበያው ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። በጣም የሚገርመው ብዙ ሰው የሚሞተው 5 ላይ ሳይሆን 3 ላይ ነው፤ 5 ሲባል ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል፣ 3 ሲባል ግን መሃል ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ የሚያስነሳው ግን የአንድ ሰው ክብደት ሊሆን ይችላል። መሻገር ግድ ከሆነ አንድ በአንድ እየተራራቁ ነው፣ ተያይዞ መሄድ ጭነቱን ይጨምራል፣ ናዳ ቢመጣም ሁሉንም ባንዴ ይዞ ይሄዳል። ናዳው የያዘው ሰው ወደ ጎን ለመውጣት ይታገል፣ ሊቆም ሲል ደሞ እጁን ፊቱ ጋ አድርጎ ትንሽ የመተንፈሻ ቦታ ይክፈት።