ጌም ሜከር ምንድን ነው? «የልጆች ነው» የሚባለውስ ለምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየቆረጠ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ጌም መሥራት አማራችሁ እንበል። ሚኒባሱ ስክሪን ላይ መታየት፣ ሲነኩት መሄድ፣ ድንጋይ ሲመታ መቆም አለበት። ይህን ሁሉ ከዜሮ የሚጽፍ ሰው ዋናው ጌም ጋ ሳይደርስ ይሰለቻል። ጌም ኢንጂን የሚባለው እነዚህን አስቀድሞ ሠርቶ የሚያቀብል ሶፍትዌር ነው። ጌም ሜከር ደግሞ ለጀማሪ ከሚመከሩት አንዱ።

የጀመረው ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ማርክ ኦቨርማርስ ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ.። ኮድ የማያውቅም ትእዛዞችን በማውስ እየጎተተ ይደረድራል። ስሙን ያበላሸውም ይኸው ነው። መግቢያው ቀላል ስለሆነ የጀማሪ ሙከራ በዛበት፣ ጥፋቱም ኢንጂኑ ላይ ተላከከ። ግን ከሥሩ ጂኤምኤል የሚባል ሙሉ የኮድ ቋንቋ አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያነጋገረው አንደርቴል የተባለ ጌም የተሠራው በዚሁ ነው።

ገደብ የለውም ማለቴ አይደለም። መንገዱን ከጎን አሳይታችሁ የጦሳን ተራራ ከኋላ ቀስ እያለ እንዲያልፍ ብታደርጉት በጣም ያምራል። ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ገደሉን በ3ዲ ማየት ካማራችሁ ግን ጣጣ ነው። 3ዲ መሳል ይችላል፤ ካሜራውን፣ ግጭቱንና ሞዴል መጫኛውን ግን አብዛኛውን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ለዚህ ጎዶት ወይም ዩኒቲ የሚባሉት ኢንጂኖች ይሻላሉ።

ሁለተኛው ገደብ ፍጥነት ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የጂኤምኤል ኮዳችሁ ደግሞ አንድ በአንድ በተራ ነው የሚሠራው፤ ላፕቶፑ ስምንት ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች) ቢኖረውም አይከፋፈሉትም። 1,000 ጠጠር በትናችሁ እያንዳንዱ ከሌሎቹ ያለውን ርቀት ይለካ ካላችሁ፣ በየዙሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ስሌት ነው። ያኔ ቢንቀራፈፍ ኢንጂኑን አትውቀሱ።

እኛን በተለይ የሚነካው ፊደል ነው። ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ «ደሴ! ደሴ!» ሲል በጽሑፍ ልታሳዩ ስትሞክሩ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ጌም ሜከር ፎንት ሲሰጠው የተመረጡትን ፊደላት ብቻ ወደ ምስል ቀይሮ ያስቀምጣል፤ ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፣ ሳይነኩት የሚመርጠውም ከ32 እስከ 127 ያሉትን፣ ማለትም የእንግሊዝኛውን ነው። የግእዝ ፊደል ያለው ፎንት መርጣችሁ ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ጨምሩ። ያልቃል። ብዙ ሰው ግን «አማርኛ አይችልም» ብሎ እዚሁ ጋ ይተወዋል።

ለመማርና በነፃ ለሚለቀቅ ጌም አያስከፍልም። ልትሸጡት ካሰባችሁ አንዴ የሚከፈል ፈቃድ አለ፤ ለፕሌይስቴሽንና ለመሰሎቹ ግን ዋጋው ሌላ ነው፣ በየጊዜውም ይከፈላል።