የአርዲኤምኤ ግንኙነት አያያዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አርዲኤምኤ አንድ ኮምፒውተር የሌላውን ኮምፒውተር ሜሞሪ በኔትወርክ ካርዱ በኩል፣ የማዶውን ፕሮሰሰር ሳያስቸግር እንዲያነብና እንዲጽፍ የሚያስችል አሠራር ነው። በሊኑክስ ላይ ግንኙነቱን የሚያስተዳድረው ላይብረሪ ኮኔክሽን ማኔጀር ይባላል፤ ሊስን፣ ኮኔክት እና አክሰፕት የሚሉትን የትእዛዝ ስሞች የወሰደውም ከሶኬት ፕሮግራሚንግ (ከተለመደው የኔትወርክ ፕሮግራም አጻጻፍ) ነው። ስሞቹ ቢመሳሰሉም ግዴታዎቹ ስለሚለያዩ፣ ከሶኬት የመጣ ፕሮግራመር የሚሳሳተው በአብዛኛው አውቀዋለሁ ብሎ በሚያልፈው ቦታ ነው።

አመለካከት፦ አርዲኤምኤ ከርነሉን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ዋና ክፍል) ስለሚያልፍ ግንኙነቱም ያለ ከርነል ይመሠረታል።

እውነታው፦ ከርነሉ የሚታለፈው መረጃው በሚተላለፍበት ጊዜ ብቻ ነው። ግንኙነት ለመመሥረት መጀመሪያ አድራሻው፣ ከዚያም መንገዱ ይፈለጋል፤ ቀጥሎም በኢንፊኒባንድ (ራሱን የቻለ ፈጣን የኔትወርክ ዓይነት) ላይ የጥያቄ፣ የመልስና የዝግጁነት መልእክቶች ለአስተዳደር በተለየው ቁጥር 1 ኪው ፔር (ካርዱ የሚልክበትና የሚቀበልበት የወረፋ ጥንድ) በኩል ይለዋወጣሉ። ይህ ሁሉ በከርነሉ ውስጥ የሚያልፍ ሲሆን የሚወስደው ጊዜም በጥቂት ማይክሮሰከንድ ከሚያልቀው የመረጃ ዝውውር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ግንኙነት እየከፈተ የሚዘጋ ፕሮግራም ውድ ካርድ ተገዝቶለትም ፍጥነቱን አያገኝም።

አመለካከት፦ ያለ ኮኔክሽን ማኔጀር አርዲኤምኤ መጠቀም አይቻልም።

እውነታው፦ በኢንፊኒባንድና በሮኪ (አርዲኤምኤን በኢተርኔት ላይ በሚያስኬደው አሠራር) ላይ ይቻላል። ሁለቱ ወገኖች የኪው ፔር ቁጥራቸውን፣ አድራሻቸውንና የመነሻ ተከታታይ ቁጥራቸውን በተራ የቲሲፒ ሶኬት ተለዋውጠው የኪው ፔሩን ሁኔታ በየደረጃው ራሳቸው መቀየር ይችላሉ። አርዲኤምኤን በቲሲፒ ላይ የሚያስኬደው አይዋርፕ ግን ኮኔክሽን ማኔጀሩን የግድ ይፈልጋል።

አመለካከት፦ አይፒ አድራሻና የፖርት ቁጥር እስከተሰጠ ድረስ ከሥር ያለው ቲሲፒ ነው።

እውነታው፦ ይህ የሚሠራው ለአይዋርፕ ብቻ ነው። በኢንፊኒባንድ ላይ አይፒ አድራሻው የሚያገለግለው ትክክለኛውን ካርድና የማዶውን መለያ ለማግኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሮኪ ስሪት ደግሞ የግንኙነት መልእክቶቹንም መረጃውንም በዩዲፒ ፖርት 4791 ይልካል። ኤንኤፍኤስን (ፋይሎችን በኔትወርክ የማጋሪያ አሠራርን) በአርዲኤምኤ የሚያቀርብ ሰርቨር በፖርት 20049 ያዳምጣል፤ በኢንፊኒባንድና በሮኪ ላይ ግን ይህ ቁጥር ከቲሲፒ ፖርቶች ዝርዝር ውስጥ አይታይም፣ በመካከል ባለ ፋየርዎል ላይ ቲሲፒ 20049ን መክፈትም ለሮኪ ምንም አይፈይድም። የሚያዳምጠውን ማየት የሚፈልግ ሰው አርዲኤምኤ የተባለውን የሊኑክስ ትእዛዝ መጠቀም ይኖርበታል።

አመለካከት፦ የመቀበያ በፈሮችን (የሚመጣው መልእክት የሚያርፍባቸውን የሜሞሪ ቦታዎች) ግንኙነቱ መመሥረቱ ከተነገረ በኋላ ማዘጋጀት ይበቃል።

እውነታው፦ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ይህ ነው። ቲሲፒ የመጣውን መረጃ ፕሮግራሙ እስኪያነበው ድረስ በከርነሉ ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ የአርዲኤምኤ ካርድ ግን አስቀድሞ በፈር ካልተሰጠው የመጣውን መልእክት የሚያሳርፍበት ስለሌለው ለላኪው ዝግጁ አይደለሁም የሚል ምላሽ ይሰጣል። በዚያ ላይ የዝግጁነት መልእክቱና የመጀመሪያው የመረጃ መልእክት የሚሄዱት በተለያዩ ኪው ፔሮች ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ግንኙነቱ ተመሥርቷል የሚለውን ክስተት (ኮኔክሽን ማኔጀሩ ለፕሮግራሙ የሚያደርሰውን ማስታወቂያ) ከማየቱ በፊት መረጃው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም በፈሮቹ በሰርቨሩ በኩል ከአክሰፕት፣ በክላይንቱ በኩል ከኮኔክት በፊት ለካርዱ መሰጠት አለባቸው። ተቀባዩ በፈር ሲያጣ ላኪው ስንት ጊዜ ደግሞ እንደሚሞክር የሚወስነውን ቁጥር 7 ማድረግ የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም፣ 7 እዚህ ላይ ሰባት ጊዜ ሳይሆን ያለ ገደብ ማለት ስለሆነ ስህተቱን ከማረም ይልቅ ወደ ምክንያቱ የማይታወቅ መዘግየት ይለውጠዋል።

አመለካከት፦ የሜሞሪ ቁልፎች (የማዶው ወገን ሜሞሪውን እንዲያነብና እንዲጽፍ የሚፈቅዱ ቁጥሮች) ከግንኙነቱ ጋር አብረው ይተላለፋሉ።

እውነታው፦ ኮኔክሽን ማኔጀሩ ስለ ሜሞሪ የሚያውቀው ነገር የለም። አድራሻውንና ቁልፉን የሚልከው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ በመጀመሪያው መልእክት ወይም ከግንኙነት ጥያቄው ጋር በሚያያዘው የግል መረጃ። የግል መረጃው ቦታ ጠባብ ነው። በኢንፊኒባንድ ጥያቄ ውስጥ ካለው 92 ባይት 36ቱን የአይፒ መረጃ ስለሚይዘው ለክላይንቱ የሚተርፈው 56 ባይት ሲሆን፣ በመልሱ ግን እስከ 196 ባይት ይያዛል። ለተቀባዩ የሚነገረው ርዝመት ከተላከው ሊበልጥ ስለሚችል ትክክለኛውን መጠን በመረጃው ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል።

አመለካከት፦ የማዶው ማሽን ቢሞት የመለያየት ክስተት ይደርሰኛል።

እውነታው፦ ፕሮግራሙ ብቻ ከወደቀ ከርነሉ ሲያጸዳለት የመለያያ መልእክት ስለሚልክ ክስተቱ ይደርሳል። መብራት ከጠፋ ወይም ገመድ ከተነቀለ ግን የሚልክ የለም፤ የሚላክ ነገር የሌለው ግንኙነትም ለሰዓታት ጤነኛ መስሎ ይቆያል። ላኪው የሚያውቀው ልኮ ሙከራዎቹ ሲያልቁ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ሙከራ የመጠበቂያ ጊዜ 4.096 ማይክሮሰከንድ በ2 ርቢ ተባዝቶ የሚሰላ ሲሆን፣ ርቢው 14 ሲሆን ወደ 67 ሚሊሰከንድ፣ 18 ሲሆን ከ1 ሰከንድ ጥቂት ያለፈ ይሆናል፤ ድጋሚ ሙከራው ደግሞ እስከ 7 ይደርሳል። ስለዚህ በየጊዜው ምንም መረጃ ያልያዘ ወደ ማዶው ሜሞሪ የመጻፍ ትእዛዝ እየላኩ ማረጋገጥ ጥሩ ልማድ ነው፤ ይሁንና ለዚህ የሚመልሰው ካርዱ ስለሆነ፣ ተሰቅሎ የቀረ ፕሮግራም ያለበት ማሽንም ደህና መስሎ ይታያል። የፕሮግራሙን ሕይወት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፕሮግራሙ ራሱ የሚመልሰው መልእክት መላክ አለበት።

አመለካከት፦ ለመዝጋት በኮኔክሽን ማኔጀሩ ውስጥ ግንኙነቱን የሚወክለውን መለያ ማጥፋት በቂ ነው።

እውነታው፦ እያንዳንዱ የተቀበልነው ክስተት ማረጋገጫ ካልተሰጠው፣ መለያውን የሚያጠፋው ትእዛዝ ማረጋገጫውን እየጠበቀ ይቆማል። የመለያየት ክስተቱን በሚያስተናግደው ኮድ ውስጥ፣ ማረጋገጫ ሳይሰጡ መለያውን ለማጥፋት የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ሳይወድቁና የስህተት መልእክት ሳያሳዩ እዚያው ተገትረው የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከመለያየት በኋላ በማጠናቀቂያ ወረፋው (ካርዱ ስለ አለቁ ሥራዎች በሚያሳውቅበት ወረፋ) ላይ የሚታዩት የመጠረግ ስህተቶችም ብልሽት አይደሉም፤ ኪው ፔሩ ወደ ስህተት ሁኔታ ሲገባ ያልተጠናቀቁ ሥራዎችን የሚመልሰው በዚህ መልክ ነው፤ በፈሮቹም መለቀቅ ያለባቸው እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው ካለቁ በኋላ ነው።