ሻላ ሐይቅ ዳር፦ ፍል ውሃዎቹ፣ ዳርቻውና መንገዱ ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው

ሻላ ከሐዋሳ በስተሰሜን ወደ 70 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። እዚህ የምጽፈው በተለይ ስለ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ነው። ፍል ውሃው ከመሬት እየፈለቀ፣ በድንጋይና በአሸዋ መሀል ትንንሽ የተፈጥሮ ገንዳ እየሠራ ሐይቁ ውስጥ የሚገባው እዚያ ነው። ዳርቻው ላይ ሎጅ የለም። ካፌ የለም። ወንበርና ጃንጥላ የሚያከራይ የለም። በአማርኛ ስለ ቦታው የሚገኘው መረጃ እዚህም እዚያም የተበታተነ ስለሆነ አንድ ላይ ቢሰበሰብ ይጠቅማል ብዬ ነው። ከሐዋሳ በግማሽ ቀን ደርሰው ከሚመለሱባቸው የውሃ ዳር ቦታዎች፣ በእኔ እምነት፣ ሻላን የሚያህል የለም።

እኛ ሐዋሳዎች ውሃ አጥተን አይደለም። ሐይቃችን ዳር ፍቅር ሐይቅ የሚባለው መናፈሻ አለ፣ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አለ፣ ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ አለ፣ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ሐይቁን ቁልቁል ማየት አለ። ለእግር ጉዞና ለጨዋታ የሐዋሳን ሐይቅ የሚተካ አላየሁም። ለመታጠብና ለመነከር ግን ሌላ ነገር ነው። ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዝያም እንዳለ በጥናት ከታወቀ ቆይቷል። ፍል ውሃ ያማረው ሰው ወንዶ ገነት ይሄዳል፤ ደስ የሚል ቦታ ነው፣ ዛፉም ወፉም። እዚያ ግን ውሃው ተገርቶ በግንብ ገንዳ ውስጥ ነው የሚጠብቅህ። ሻላ ላይ ውሃው አሁንም በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው።

ሐይቁ እንዴት ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው፣ ምክንያቱም የሥነ ምድር ሰዎች ይህን አካባቢ በደንብ አጥንተውታል። ሻላ የተኛው በአንድ ትልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሩብ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፍተኛ ፍንዳታ ሆነ። ከሥሩ የነበረው የቀለጠ ድንጋይ ወጥቶ ሲያልቅ ጣሪያው ተደርምሶ ወደ ውስጥ ገባ። ይህን ጉድጓድ የኦአ ካልዴራ ይሉታል። ሐይቁ እንደዚያ ጥልቅ የሆነው ለዚህ ነው፦ እስከ 266 ሜትር ይወርዳል፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። ስፋቱ 330 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጣና በስፋት ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል፤ ጣና ግን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፣ ስለዚህ በያዘው የውሃ መጠን ሻላ ጣናን ይስተካከላል፣ የሚበልጥ ነው የሚሉም አሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ብዙም አይርቅም።

በሻላና በሐዋሳ ሐይቆች መካከል ኮርቤቲ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆመህ ወደ ሰሜን ስትመለከት የሚታየው ከፍታ የዚሁ አካባቢ ነው። ኮርቤቲ አልሞተም። በሳተላይት የሚለኩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ መሬቱ በየዓመቱ በሴንቲ ሜትሮች ከፍ እያለ መሆኑን አሳይተዋል። ለፍል ውሃውም ምክንያቱ እንዲህ ያለው ከመሬት ሥር ያለ ሙቀት ነው። ዝናብ በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከሥር ትኩስ ድንጋይ ያገኘዋል፣ ሞቆ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ሲወጣም ከድንጋዩ ያሟሟውን ማዕድን ይዞ ነው የሚመጣው። ምንጮቹ ዙሪያ የምታየው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ ዝናቡ ከአሁኑ በጣም የሚበልጥበት ዘመን ነበር። ያኔ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አራት ሐይቅ አልነበሩም፤ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። የውሃው ከፍታ ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ይበልጥ ነበር፣ ሲሞላም ወደ ሰሜን፣ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ያ ሐይቅ የተወው ነጭ ደለልና የጨው አልባ ውሃ ቀንድ አውጣዎች ቅርፊት ዛሬ ከሐይቆቹ ርቆ፣ ደረቅ መሬት ላይ ይገኛል። ዝናቡ ሲቀንስ ሐይቁ ወረደና ተከፋፈለ። ሻላ ከሁሉ ዝቅ ያለው ስለሆነ፣ 1,558 ሜትር ላይ፣ ውሃ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም። ወንዞቹ ያመጡት ጨውና ሶዳ ሁሉ እዚያው ተጠራቅሞ ቀረ። አሁን ውሃው አይጠጣም፣ ዓሣም እምብዛም የለውም።

አካባቢው የአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች አገር ነው፣ ፍል ውሃዎቹንም ከማንም በፊት የሚያውቋቸው እነሱ ናቸው።

ቦታው ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ትክክለኛውን ዓመት ምንጮች አንድ አይሉትም። አብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ዋናው ዓላማ ወፎቹን መጠበቅ ነበር። ከ400 በላይ የወፍ ዓይነት እንዳለ ይነገራል። በሻላ ደሴቶች ላይ ነጭ ፔሊካኖች በብዛት ይፈለፍሉ ነበር፣ ሻላ ላይ በቂ ዓሣ ስለሌለ ግን ምግባቸውን ፍለጋ በየቀኑ ፊቄ ተራራን ተሻግረው አብያታ ይሄዱ ነበር። አንዱ ሐይቅ ቤት፣ ሌላው ጓዳ።

ጓዳው ግን ባዶ እየሆነ ነው። የአብያታ ስፋት ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ፣ ፔሊካኖቹም ተመናመኑ። ለምን? እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ የሚውል ኬሚካል) ሲያመርት የቆየ ፋብሪካ አለ። ከዝዋይ ወደ አብያታ በቡልቡላ ወንዝ ይመጣ የነበረው ውሃም ለመስኖ ይጠለፋል። ድርቅም አለ። የቱ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፣ እኔ ልፈርድ አልችልም፤ መስኖው ግን ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው ብዙዎቹ ይስማማሉ። በፓርኩ መሬት ላይ ደግሞ ሰው ሰፍሯል፣ ግራሩ ለከሰልና ለማገዶ ተቆርጧል። ከዋናው መንገድ ሲገቡ "ፓርኩ የት ነው?" የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ሻላ ራሱ እስካሁን የተረፈው ጥልቀቱ ረድቶት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዳርቻው። ከፓርኩ በር አጠገብ ባለው ክልል ሰጎን፣ ከርከሮና የግራንት ሚዳቋ ይታያሉ። ከዚያ መንገዱ ወደ ከፍታ ይወጣል፣ ሁለቱንም ሐይቆች ከላይ የምታይበት ቦታ አለ፦ በአንድ ወገን ገረጣ ያለው አብያታ፣ በሌላው ጠቆር ያለ ሰማያዊው ሻላ። ቁልቁል ወርደህ ዳርቻው ስትደርስ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽታው ነው፣ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ዓይነት። ቀጥሎ እንፋሎቱ። ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል እንፋሎቱ በደንብ ይታያል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን አንዳንዱ ምንጭ ባዶ ጉድጓድ ይመስላል፣ አደገኛነቱም ያኔ ነው።

ምንጩ አፍ ላይ ውሃው ሊፈላ የደረሰ ነው። የአካባቢው ልጆች በቆሎና ድንች በከረጢት ቋጥረው ይከቱበታል፣ ቆየት ብለው የበሰለ ያወጣሉ። እንቁላል ይዞ የሚመጣ እንግዳም አለ። ከምንጩ የሚወጣው ውሃ በቀጫጭን ቦይ ይወርዳል። ምንጩ አጠገብ ቦዩ ራቁቱን ነው፤ ትንሽ ዝቅ ሲል ቢጫና ብርቱካንማ ነገር ይለብሳል፣ ሐይቁ ሲቀርብ ጥቁር አረንጓዴ። እነዚህ ሙቀት የሚችሉ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው፣ እያንዳንዱ የሚስማማው ሙቀት ላይ ነው የሚሰፍረው። ስለዚህ ቀለሙ ሙቀቱ የት ጋ እንደሚበረታ በግምት ሊጠቁምህ ይችላል፣ ልክ አድርጎ ግን አይነግርህም። እሱም ሆኖ እግር ከመክተት በፊት በእጅ ጀርባ መሞከር ይሻላል።

ሰው የሚነከረው ቦዩ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት ነው። እዚያ ትኩሱና ቀዝቃዛው ይቀላቀላሉ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ገንዳ ይሠራል፣ አንዳንዱን ድንጋይ ሰው ራሱ አስጠግቶታል። ከላይ ወገን ከተቀመጥክ ይሞቅሃል፣ ወደ ሐይቁ ሸርተት ካልክ ይቀዘቅዝሃል። ለቆዳና ለመገጣጠሚያ ሕመም ብለው ከሩቅ የሚመጡ አሉ። ተሻለኝ የሚሉ አሉ፣ ለዚህ ምስክሩ እነሱ ናቸው። የሐይቁ ውሃ እጅ ላይ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ይለበልባል፤ ንጹሕ ውሃ ይዞ መሄድ የግድ ነው፣ ለመጠጥም ለመለቅለቂያም።

አንድ ነገር በጥብቅ ላስቀምጥ። ሻላ ዳር ላይ ጠባቂ ዋናተኛ የለም። መሬቱ በድንገት ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ አለ። ወገብ ድረስ ይበቃል። ምንጮቹ ዙሪያ ያለው ነጭ ቅርፊትም ስስ ስለሆነ ሕፃናትን እጃቸውን ይዞ፣ ሰው በረገጠው መንገድ መሄድ ነው።

ለመሄድ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ያኔ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎችም አሉ። በክረምት የውስጡ መንገድ ይጨቀያል፣ ትንሽ መኪና ይቸገራል። ፍላሚንጎ ብቻ የፈለገ ሰው ደግሞ ከሻላ በስተደቡብ ያለችውን ትንሿን ጪቱ ሐይቅ ማየት ይችላል፣ መንገዱ ግን በሻሸመኔና በአጄ በኩል ስለሆነ ከዚህ ጋር በአንድ ቀን ባይደባለቅ ይሻላል።

ከሐዋሳ በጥቁር ውሃ ወጥተህ ሻሸመኔን፣ ከዚያ በአረቄዋ የታወቀችውን አርሲ ነገሌን ታልፋለህ። የፓርኩ በር ከነገሌ በኋላ በግራ ነው። በሚኒባስ የሚሄድ ሻሸመኔ ቀይሮ ወደ ዝዋይ የሚሄደውን ይይዝና በሩ ላይ እንዲያወርዱት ይናገራል። ችግሩ ከበሩ በኋላ ነው፦ ዳርቻው በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ጥላም እምብዛም የለም። ስለዚህ አራት አምስት ሆኖ መኪና ኮንትራት መያዝ ያዋጣል። በሩ ላይ መግቢያ ከፍለህ ስካውት የሚሉት የፓርኩ ጠባቂ ይመደብልሃል፤ የትኛው ገንዳ ዛሬ ደህና እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ጉርሻውን አትርሳ። ከመነሳትህ በፊት የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ደውለህ ወይም መናኸሪያ ጠይቀህ አጣራ። ምሳ ይዘህ ሂድ፣ ላስቲኩንና ጠርሙሱን ይዘህ ተመለስ፣ እዚያ ቆሻሻ የሚሰበስብ የለም። ያለ መኪና ከሆንክ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ከዳርቻው ተነሳ፣ ሲመሽ ዋናው መንገድ ላይ ባዶ ወንበር ያለው ሚኒባስ ማግኘት ከባድ ነው።