የካቶሊክ ቤተሰብ ሳምንት በሐዋሳ፦ ቤት፣ ማዕድና ጸሎት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሐይቋ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቆረቆረችው ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ከነዋሪዋ አብዛኛው የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተከታይ ሲሆን፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ብዙዎች ናቸው። ካቶሊኮች ግን ጥቂቶች ናቸው፤ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገር አቀፍ ደረጃ የነበራቸው ድርሻ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። የካቶሊኩን ቤተሰብ የዘወትር ኑሮ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቤተሰቡ በየትኛው ቀን ምን እንደሚያበስል የሚወስነው የቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ግቢ አብረውት የሚኖሩት፣ ገሚሶቹ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ፣ ገሚሶቹም ይህ ሥርዓት የሌላቸው ጎረቤቶቹ ጭምር ናቸውና።

የሐዋሳ ካቶሊካዊ ሰበካ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1937 በነገሌ ስም የተቋቋመው አስተዳደር ሲሆን፣ በ1969 ስሙ ወደ ሐዋሳ ተለውጦ በ1979 ወደ ሐዋርያዊ ቪካሪያትነት፣ ማለትም ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ወዳልሆነ፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ወደሚመራ አስተዳደርነት፣ ከፍ ብሏል። በሲዳማ ምድር ስብከቱን፣ ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን ጎን ለጎን ያስፋፉት በዋናነት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመጡት የኮምቦኒ ሚስዮናውያን ናቸው። የማኅበራቸው መሥራች ዳንኤል ኮምቦኒ እ.ኤ.አ. በ2003 ቅድስናቸው ታውጇል። ሰበካው የላቲን ሥርዓት፣ ማለትም የሮም ቤተ ክርስቲያንን የአምልኮ ሥርዓት፣ ይከተላል፤ ይሁን እንጂ ከጉራጌ፣ ከእምድብር አካባቢ መጥተው በከተማዋ የሚነግዱ ካቶሊኮች ያደጉት በግእዝ ሥርዓት፣ ማለትም በኢትዮጵያ ጥንታዊ የቅዳሴ ሥርዓት፣ ነው። ስለዚህ አባት በአንዱ፣ እናት በሌላው ሥርዓት የተጠመቁበት ቤት ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ሁለቱም በአንድ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሥር ያሉ ናቸውና ልዩነቱ የእምነት ሳይሆን የቅዳሴ፣ የጾምና የዜማ ነው።

በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ የሃይማኖቱ ምልክት ብዙ ቦታ አይይዝም። ሳሎኑ ውስጥ መስቀልና የእመቤታችን ሥዕል ይሰቀላሉ፤ መቁጠሪያ ከሥዕሉ ጥግ ይንጠለጠላል፤ በሆሳዕና ዕለት የተባረከው ዘንባባም እስከ ቀጣዩ ዓመት ከግድግዳው አይወርድም። በላቲን ሥርዓት ልማድ ያለፈው ዓመት ዘንባባ ተቃጥሎ በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ በአመድ ረቡዕ፣ በምእመናን ግንባር ላይ የሚደረገው አመድ ይሆናል።

የመቁጠሪያ ጸሎት ለሳምንቱ የራሱን መልክ ይሰጠዋል። ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር ምስጢራት፣ ማለትም ከኢየሱስና ከእናቱ ሕይወት የተወሰዱ አምስት አምስት ድርጊቶች፣ ይታሰባሉ፤ ለሐሙስ የተመደቡትን የብርሃን ምስጢራት የጨመሩት እ.ኤ.አ. በ2002 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ናቸው። አምስቱንም ምስጢር አሟልቶ መድገም ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሥራ ውሎ ለመጣ ወላጅና የቤት ሥራ ለቀረው ልጅ ይህ ቀላል አይደለም፤ በዚህም ምክንያት በብዙ ቤቶች በአዘቦት ቀን አንድ ምስጢር፣ ማለትም አንድ አቡነ ዘበሰማያትና ዐሥር የማርያም ሰላምታ ብቻ ተደግሞ ወደ እራት ይኬዳል።

የአዘቦት ማዕድ ከጎረቤቱ ማዕድ አይለይም። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በእንጀራ ይቀርባሉ፤ የሲዳማ ተወላጅ በሆነ ቤት ደግሞ ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮ፣ ለእንግዳና ለበዓልም በቅቤ የራሰው ቡርሳሜ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ገበታ ይቀርባል። ረቡዕ በላቲን ሥርዓት የጾም ቀን አይደለም። ሆኖም የኦርቶዶክስ አማት ወይም አከራይ ባለችበት ግቢ ረቡዕ ሥጋ መጥበስ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ ሕጉ ባያስገድደውም በሽሮ የሚያልፈው ካቶሊክ ብዙ ነው።

ዓርብ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ ዕድሜው 14 ዓመት የሞላ ምእመን ዓርብ ከሥጋ እንዲታቀብ ያዛል፤ የየአገሩ ጳጳሳት ጉባኤም በሌላ የንስሐ ተግባር ሊተካው ይችላል። እንቁላል፣ ወተትና ዓሣ በሕጉ አልተከለከሉም። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ጠግቦ በመብላት የሚፈጸመው ጥብቅ ጾም ከ18 እስከ 59 ዓመት ያሉትን የሚመለከት ሲሆን፣ ቀኖቹም የአመድ ረቡዕና ስቅለት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በወረቀት ላይ እንዲህ የቀለለው ሕግ ሐዋሳ ሲደርስ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ከተማዋ የዓሣ አገር ናት፤ ከአሞራ ገደል ገበያ ቆሮሶና አምባዛ ከሐይቁ እንደወጡ ይገዛሉ፤ ጥብሱ፣ ለብለቡና ሾርባውም ከብዙ ቤት አይታጣም። ለካቶሊኩ የዓርብ ዓሣ ከሕጉ ጋር የሚስማማ ምግብ ነው። ዓሣን ከፍስክ የሚቆጥር ጎረቤት ግን ሽታው ሲደርሰው «እነዚህ ደግሞ ጾም የላቸውም» ቢል አይፈረድበትም። በእኔ ግምት፣ ካቶሊኩ ስለ እምነቱ ለጎረቤቱ ደጋግሞ ማብራሪያ የሚሰጠው ስለ ሥላሴ ወይም ስለ ሮም ሳይሆን ስለዚሁ ዓሣ ነው። ከዚህ ለመራቅ ሲሉ ዓርብን ጭራሹን በዘይት ወጥ የሚያሳልፉ ቤተሰቦች አሉ፤ በዐቢይ ጾም ወራትም ከእንስሳት ተዋጽኦ ሁሉ መከልከል በካቶሊኮች ዘንድ የተለመደ ነው። በዚሁ ጾም ዓርብ ከሰዓት በኋላ የክርስቶስን ሕማምና ሞት የሚያስቡባቸውን ዐሥራ አራት ምዕራፎች እየተከተሉ ፍኖተ መስቀል የሚደግሙ ምእመናን ቤተ ክርስቲያኑን ይሞሉታል።

ቅዳሜ የልብስ አጠባና የገበያ ቀን ነው። ልጆች ለመጀመሪያ ቁርባን የሚያዘጋጃቸውን ትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩት፣ መዘምራን የሚለማመዱትና ንስሐ የሚገባውም ካህኑን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ዕለት ነው።

እሑድ ማለዳ በቤቱ እሳት አይነድም። ሕጉ ከቁርባን በፊት አንድ ሰዓት ብቻ ከምግብ መታቀብን ይጠይቃል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የጸና ነው። ነገር ግን ከሌሊት ጀምሮ ጾሞ መቁረብ በአገሩ ክርስቲያን ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ በመሆኑ፣ በተለይ አዛውንቶች ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ። ሥርዓቱ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ በሕዝቡ ቋንቋ ስለሚፈጸም በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ ይቀደሳል፤ ሥርዓቱ የላቲን ይሁን እንጂ ከበሮው፣ ጭብጨባውና እልልታው የአገር ነው። የገናና የፋሲካ ቀናትም በአገሩ የዘመን አቆጣጠር ስለሚውሉ፣ ካቶሊኩ ከኦርቶዶክሱ ጎረቤቱ ጋር በአንድ ቀን ዶሮ ያርዳል።

ከቅዳሴ መልስ ቡና ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የስብከቱም የሰፈሩም ወሬ ይነሣል። ምሳው ከተገኘ ሥጋ ወጥ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ የዕድር ስብሰባ ካለ አባወራው ወይም እማወራዋ ይሄዳሉ። የሰፈር ዕድር አባላቱን በሃይማኖት አይለይም፤ ካቶሊክ ሲሞት ፍትሐቱን የሚያደርሱት ካህኑ ቢሆኑም፣ ድንኳኑን የሚተክሉትና ለቀስተኛውን የሚያስተናግዱት የሁሉም እምነት ተከታዮች ናቸው። ሐዘኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ የጾሙና የፍስኩ ወጥ በየድስቱ ለየብቻ ይሠራል፤ የሟች ቤተሰብ ካቶሊክ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።