የብረታ ብረትና የጨው ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት

ከአፍዴራ የሚጫነው ጨው በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይገባል። ከመንገዱ ዳር የተዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በከረጢት ያለው ደረቅ ጨው አያስተላልፍም። ያው ጨው ወጥ ውስጥ ሲገባ ግን አስተላላፊ ይሆናል። ስለዚህ ቁሶችን አስተላላፊና የማያስተላልፍ ብሎ ለሁለት መክፈል ለጨው አይሠራም። ዋናው ጥያቄ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) መንቀሳቀስ መቻሉ ነው።

በብረታ ብረት ውስጥ የአቶሞቹ የውጪ ኤሌክትሮኖች ለአንድ አቶም ብቻ የታሰሩ አይደሉም፤ በመላው ቁስ ይዘዋወራሉ። በዚህም ምክንያት ጨርሶ የማያስተላልፍ ብረታ ብረት የለም፣ ልዩነቱ የመጠን ነው። የመዳብ አስተላላፊነት 100 ቢባል የብር 105፣ የአሉሚኒየም 60፣ የዚንክ 28፣ የንጹሕ ብረት 17፣ የእርሳስ 8 ገደማ ይሆናል። አቶሞቹ በሙቀት በተርገበገቡ ቁጥር ወይም ባዕድ ንጥረ ነገር በተቀላቀለ ቁጥር ለኤሌክትሮኖቹ መሰናክል ይበዛል። ናስ ዋና አካሉ መዳብ ሆኖ ሳለ አስተላላፊነቱ ወደ ሩብ የሚወርደው ለዚህ ነው። መዳብ እየበለጠ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመሮች በአሉሚኒየም የሚሠሩት ደግሞ በክብደቱ ነው፦ እኩል የሚያስተላልፍ የአሉሚኒየም ሽቦ የመዳቡን ግማሽ ያህል ይመዝናል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ገደላማ መሬት ምሰሶ ለሚያቆም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጨው ሙል አላጣም። የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች (ሙል የያዙ ቅንጣቶች) ተሳስበው በቦታቸው ስለተቸነከሩ እንጂ። በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ወይም በውኃ ሲሟሟ ይለቀቃሉ። ስኳርም ይሟሟል፣ ነገር ግን አዮን ስለማይሰጥ ውኃውን አስተላላፊ አያደርገውም። ባሪየም ሰልፌት በተቃራኒው ከአዮኖች የተሠራ ሆኖ በውኃ እምብዛም አይሟሟም። ስዊድናዊው ስቫንተ አሬኒየስ በ1884 እ.ኤ.አ. የሙሙቶችን (እንደ ጨው ውኃ ያሉ ድብልቆችን) አስተላላፊነት ያጠናበት የመመረቂያ ጽሑፍ ዝቅተኛ ውጤት ተሰጠው፤ በ1903 ግን በዚሁ ዘርፍ ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ሙቀት ብረታ ብረትንና የጨው ውኃን በተቃራኒ ይነካል። መዳብ በአንድ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ አስተላላፊነት ሲያጣ፣ የጨው ውኃ 2 በመቶ ገደማ ያገኛል። ያም ሆኖ የባሕር ውኃ ከመዳብ በአሥር ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ያንሳል።

አንዳንድ ኤሌክትሪሻኖች በመሬት በሚቀበር የብረት ዘንግ ዙሪያ ጨውና ከሰል የሚጨምሩት አፈሩ አስተላላፊ እንዲሆን ነው። ይሠራል፣ አፈሩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ። ጉዳቱ ግን የክረምት ዝናብ ጨውን አጥቦ መውሰዱና እስኪታጠብም ዘንጉን ማዛጉ ነው።