ቁልፉ ማን ጋ ነው? ስለ ትምህርት ቤት ላይብረሪና ኮምፒውተር ክፍል የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት አስተምሬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከማስተማሩ ጎን የላይብረሪውም የኮምፒውተር ክፍሉም ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ቁልፍ የያዘ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል። ርእሰ መምህሩ ይናገራል፣ ሱፐርቫይዘሩ ይናገራል፣ ለልጁ ማርክ የመጣ ወላጅም ሲያልፍ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። የሚናገሩት በቅንነት ነው። ግን ከሚሉት ውስጥ ብዙው ልክ አይደለም። ጥቂቱን እነሆ።

«መጽሐፍ ካዋስን ይጠፋል»

ሰፋ አድርጌ የማወራው ስለዚህ ነው። ሌላው ችግር ሁሉ የሚጎተተው ከዚህ ነውና።

መጽሐፍ የማያውሰው ሰው ስስታም ስለሆነ አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው ሞዴል 19 ከሚባለው የንብረት ገቢ ማድረጊያ ቅጽ ነው። መጽሐፉ ትምህርት ቤት ሲደርስ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ከዚያ ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ቅጽ ወጪ ተደርጎ ለላይብረሪ ሠራተኛው ይሰጣል፤ ሰውዬውም ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ ያ መጽሐፍ ንባብ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ይሆናል። ሰኔ ላይ የቆጠራ ኮሚቴ ይመጣል። የጠፋ መጽሐፍ ያስጠይቃል። ዓመቱን ሙሉ ማንም ያልገለጠው መጽሐፍ ግን ማንንም አያስጠይቅም። እንግዲህ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰው ምን ያድርግ? ይቆልፋላ!

ሕንዳዊው የላይብረሪ ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. አምስት የላይብረሪ ሕጎች አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ ለመገልገያ ነው የሚል ነው። ሞዴል 22 ይህን ሕግ አልሰማም።

እኔም ቆልፌያለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ ቆጠራ አንድም መጽሐፍ አልጎደለብኝም። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ደረቴን ነፍቼ ነበር የወጣሁት፤ አሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ናት። እረፍት ሰዓት ላይ የመስኮቱን ፍርግርግ ይዛ ወደ ውስጥ ታያለች። ነጠላዋን ከብርዱ የተነሳ እስከ አፍንጫዋ ተጠቅልላለች። መስኮት ልትሰብር ነው ብዬ ቀረብኩ። ለካ የመጻሕፍቱን ጀርባ ነው የምታነበው። ከላይኛው መደርደሪያ ጀምራ ርእስ በርእስ ወደ ታች እየወረደች ነው። «ቲቸር፣ ያቺ ቀዩዋ ስለ ምንድን ናት?» አለችኝ። እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተማከርን። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ፊትም አቀረብነው። ሁለት ነገር በቃለ ጉባኤ ተያዘ። አንደኛ፣ በአገልግሎት ያረጀና የተቀደደ መጽሐፍ እንደ ጠፋ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ በውሰት ላይ እያለ የጠፋ መጽሐፍ መጀመሪያ ከወላጅ ጋር ይታያል እንጂ ቀጥታ ወደ እኔ ደመወዝ አይመጣም። ሁለት አንቀጽ ናት። ግን ያቺ ወረቀት ከብዙ ካርቶን መጽሐፍ በላይ ጠቅማናለች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለየክፍሉ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይሰጣል። የክፍሉ አለቃ በደብተር ላይ ስም፣ ርእስና ቀን ይጽፋል። ዓርብ ይመለሳል፣ ሰኞ ይቀየራል። በዓመቱ መጨረሻ ስድስት መጽሐፍ ጎደለ። ሁለቱ መስከረም ላይ ተመለሱ። አንደኛው ላይ የሽሮ ጠብታ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ሽሮውን ሳይ ደስ አለኝ። ማዕድ ዙሪያ ተነቧል ማለት ነዋ።

በጸጥታው ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው ወራት ሲመጡ ደግሞ ጥቂት መጻሕፍት ልጆቹ ቤት እንዳሉ ቀሩ። ማን ጋ ምን እንዳለ ደብተሬ ላይ አለ። መደርደሪያ ላይ ተቆልፈው ከሚከርሙ እዚያ መሆናቸውን እመርጣለሁ።

«የዛሬ ልጆች ማንበብ አይወዱም»

ይህን የሚሉት ራሳቸው ቢሮ ውስጥ ፌስቡክ ሲያገላብጡ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ይሁን።

በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተደረገ የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ነበር። ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም፤ ያውም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው። እንግዲህ አለመውደድና አለመቻል ለየቅል ናቸው። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ «ጎ...ረ...ቤ...ት» የሚል ልጅ የመስመሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። እንዲህ ያለው ልጅ መጽሐፉን ቢዘጋው ምን ይፈረድበታል?

ለእንዲህ ያለው ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ነው። እኛ ከትላልቆቹ ክፍሎች ደህና የሚያነቡትን መርጠን ለትንንሾቹ እንዲያነቡ አደረግን፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሩብ ሩብ ሰዓት። አንባቢዎቹም ተጠቀሙ። ሰው ፊት ላለማፈር ሲሉ ማታ ቤታቸው እየተለማመዱ ይመጡ ነበር።

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ላይብረሪ ሲያስጀምር ልጆቹ ጋሪውን ከበው ነበር የሚያነቡት። እኛ ጋም አህያ ሞልቷል። መንዝ ላይ ቢሞከር ብዬ ሁሌ አስባለሁ፤ ዳገቱ ነው እንጂ።

«ብዙ መጽሐፍ ካለ ላይብረሪ አለ»

የለም። አንድ ጊዜ በእርዳታ መጽሐፍ መጣልን። በጭብጨባ ተቀበልን፣ ፎቶ ተነሳን። ካርቶኑን ስንከፍተው የውጭ አገር የግብር ሕግ፣ ያረጀ የኮምፒውተር መመሪያ፣ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት። ገቢ ስለሆነ መጣል አይቻልም፤ ማስወገድ ራሱ ኮሚቴ ይፈልጋል። መደርደሪያውን ሞልቶ ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ «እንዴት ያለ ሀብታም ላይብረሪ ነው!» ይላል። ልጆቹ የሚፈልጉት የአማርኛ ተረት፣ የሳይንስ አጋዥና የፈተና ጥያቄ ያለበት መጽሐፍ ግን ያለው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው።

መጻሕፍትን በየዘርፋቸው ለመደርደር የሚያገለግለውን፣ ከ000 እስከ 999 የሚሄደውን የዲዊ ቁጥር ለትንሽ ላይብረሪ አጥብቃችሁ አትያዙት። የእኛዎቹ ልጆች ለተረት ቀይ፣ ለሳይንስ ሰማያዊ፣ ለታሪክ ቢጫ ፕላስተር ስንለጥፍ በአንድ ቀን ለመዱት።

«ኢንተርኔት ከሌለ ኮምፒውተሩ ምን ይሠራል?»

ብዙ ይሠራል። ዳታ በክልሉ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የእኛ ኮምፒውተር ክፍል ሥራ አልፈታም።

ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዊኪፔዲያን እንዳለ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋ ባይት አካባቢ ይወስዳል። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈው ግን ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ለ9ኛ ክፍል ልጅም የሚስማማው እሱ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ልጆቹ የሚንገዳገዱት እዚያ ላይ ነውና። ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ የቪዲዮ ትምህርትና መልመጃ ይይዛል። እሱም ነፃ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ወዳጅ አንድ ጊዜ በሃርድ ዲስክ ጭኖ ይልካል። አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹ ፋይል የሚያገኙበት ማዕከል፣ አድርገህ ሌሎቹን በስዊችና በኬብል ማገናኘት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ሳይደርስ በቴሌግራም ሲዞሩ የነበሩትን የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፎችም እዚያው ጫንን። መጽሐፍ ለሦስት ለሚካፈሉ ልጆች ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያናድደው ሌላ ነው። ፍላሽ። አንድ መምህር ከኢንተርኔት ካፌ ቫይረስ የተጫነ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። «አንዴ ብቻ፣ ፈተና ልታተም» ይልሃል። ከዚያ የክፍሉ ኮምፒውተር ሁሉ ፎልደሩን ይደብቃል። ፈተናው ራሱ በድሮ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የሚወጣው አማርኛ ሳይሆን ምልክት ነው። ግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከስንት ዘመን በኋላ ዛሬም በአሮጌ ፎንት የሚተይብ ሰው አለ!

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል»

ተበላሸ ተብሎ ስቶር ከተወረወረው ውስጥ ስንቱ የምር የተበላሸ እንደሆነ ለማየት አንድ ክረምት ከአይሲቲ ክበብ ልጆች ጋር ተቀመጥን። መሣሪያችን ብሎን መፍቻ፣ የቀለም ብሩሽና ላጲስ ነው። አዎ፣ ላጲስ። ሲበራ የሚጮኽና ሥዕል የማያሳይ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ራም የሚባለው የጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ካርዱ ላይ ነው። ራሙን ነቅሎ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ አሸት አሸት አድርጎ መመለስ ነው። ሁለተኛው ያቺ ሳንቲም የምታክል 3 ቮልት ባትሪ ናት። ስታልቅ የኮምፒውተሩ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከእኛ አቆጣጠርም ወደ ኋላ። ቀኑ ሲዛባ ድረ ገጽ አልከፍት ይላል፤ ሰውም «ኔትወርኩ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል።

የምር የተቃጠሉም ነበሩ። የሚያቃጥለው ግን መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመለስ ትንሽ ቆይቶ መሰካት። ስታቢላይዘር መግዛት ለማይችል ትምህርት ቤት ይህ በነፃ የሚገኝ መከላከያ ነው።

በሽታውም እንደየአገሩ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታዋ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ነው። እነሱን የሚያሠቃያቸው ሙቀትና አቧራ ነው፤ ፋኑ ይደፈናል። እኛን ክረምቱና እርጥበቱ። ወደ ግድግዳ የተጠጋ መጽሐፍ ነሐሴ ላይ ይሻግታል። መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ በቂ ነው፤ ይህንንም የተማርኩት ከሻገተ በኋላ ነው።

«ኮምፒውተር ከገባ ውጤት ይስተካከላል»

ፕላዝማን የሚያስታውስ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተሰቀለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይመጣል። መምህሩ በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ መሐሉን ስክሪኑ ይይዘዋል። ፍጥነቱ አይጣል ነበር። አልገባኝም ብትለው አይሰማህም። መብራት ከሄደ ደግሞ ክፍለ ጊዜውም አብሮ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ፕላዝማው ጥሩ ጎንም ነበረው፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ ያየው በሱ ነው። ችግሩ መምህሩን ዳር ማስያዙ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ፔሩ በገጠር ላሉ ልጆች ለእያንዳንዳቸው ላፕቶፕ አድላ ነበር። 319 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ያየና በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ላፕቶፑን ክፍል ውስጥ ለምን እንደሚያውለው ለመምህሩ በቅጡ ያሳየው አልነበረም።

እና ኮምፒውተር ይቅር ማለት ነው? አይደለም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ የፊዚክሱ ጥያቄ ሳያንሰው ቀስቱን ፍለጋ ሊባክን ነው። እኛ ጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ልጅ ማውሱን አየር ላይ አንስቶ ወደ ስክሪኑ ሲቀስር አይቻለሁ። በሁለት ቀን ለመደው። ግን እነዚያ ሁለት ቀናት ከፈተናው በፊት መሆን አለባቸው።

«ላይብረሪ ለደከመ መምህር ነው»

ጡረታ የደረሰ፣ የታመመ ወይም ከርእሰ መምህሩ ጋር የተቀያየመ ሰው ላይብረሪ ይመደባል። የታወቀ ነው። ሥራው መቀመጥ ይመስላቸዋል። ጠዋት መክፈት፣ መዝገብ፣ የተቀደደ መለጠፍ፣ እረፍት ላይ የሚግተለተለውን ልጅ ማስተናገድ፣ ያልመለሰውን ክፍሉ ድረስ ሄዶ መያዝ፤ መቀመጫ የት አለና። የአይሲቲ መምህሩ ደግሞ የቢሮው ደብዳቤ ተያቢ፣ የፕሪንተር ሐኪም፣ የርእሰ መምህሩ ስልክ ጠጋኝ ነው። በተረፈው ሰዓት ያስተምራል።

እኔ ስታመም ወይም ለሥልጠና ስሄድ ሁለቱም ክፍል ይዘጋ ነበር። አንዴ ለሁለት ሳምንት ተዘግቶ ሰነበተ። ስመለስ ልጆቹ ቀድመው የጠየቁኝ ጤንነቴን ሳይሆን ቁልፉን ነው። ያኔ ከተማ ወርጄ ሌላ ቁልፍ አስቀረጽኩ፤ ከኪሴ። አሁን አንዱ እኔ ጋ ነው፣ ሌላው የላይብረሪ ክበቡ ተጠሪ ጋ። ተጠሪዋ ያቺ በመስኮት ስታነብ ያገኘኋት ልጅ ናት።