«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ ትርጉሙና የሕዝብ ምክክር

ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ለዕድር ድንኳን ወይም ለታመመ ጎረቤት መዋጮ ሲሰበሰብ ነው። ምስሉ የመጣው ከሎሚው አያያዝ ነው። ሃምሳ ሎሚ ያን ያህል አይከብድም፤ ግን በሁለት እጅ አይያዝም፣ አንዱን ሲያነሱ ሌላው ይንከባለላል። አንድ ሎሚ ግን በመዳፍ ይዘው እያሸተቱት ይሄዳሉ፤ በጥምቀት ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ የሚወረውራትም አንዷን ሎሚ ነው። ጌጥነቱ ከዚህ ይመጣል። አባባሉን የሚጠቅስ ሰው ሸክም መከፋፈሉን ያስታውሳል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሎሚ በእርግጥ መድረስ እንዳለበት ግን ይዘነጋል።

በአገር ፖሊሲ ላይ ተራ ዜጋን ማማከር የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ አውሮፓ የወደፊት ጉዞ የሚመክር ጉባኤ ከፍቶ፣ ከ27 አገሮች 800 ዜጎችን በዕጣ መርጦ በ4 ቡድን አስቀመጠ። ሰዎቹ የተገኙት በአብዛኛው በዘፈቀደ በተደወለ ስልክ ነው። ዕጣ ብቻውን አይበቃም፤ ስልኩን አንስቶ እሺ የሚለው በብዛት የተማረውና ጊዜ ያለው ነውና። ስለዚህ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በከተማና ገጠር፣ በኑሮ ደረጃ ኮታ ተበጀ፤ ከ16 እስከ 25 ዓመት ያሉት ብቻ አንድ ሦስተኛውን ያዙ።

200 ሰው ባንድ አዳራሽ ተቀምጦ ሊመክር አይችልም፤ ጥቂቶች ይናገራሉ፣ ሌላው ይሰማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን በ10 እስከ 15 ሰው ተከፋፍሎ ይሠራ ነበር። ሰው በገዛ ቋንቋው ይናገራል፣ አስተርጓሚ ያደርሰዋል። ጥሩ አወያይ ዝም ያለውን ያናግራል፣ ብዙ የሚያወራውን ይገታል። ባለሙያ ተጠርቶ ያስረዳል፣ ይጠየቃል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም። ምክረ ሐሳብ የሚጸድቀው 70 በመቶ ድምፅ ሲያገኝ ነበር።

ጉድለቱ ከርዕሱ ስፋት መጣ። አንዱ ቡድን የአየር ንብረትን፣ አካባቢንና ጤናን ሦስት ጊዜ ብቻ ተሰብስቦ እንዲጨርስ ተጠየቀ። ባለሙያን በቅጡ ለመስማት እንኳ ጊዜ አጠረ፤ አንዳንዱ ምክረ ሐሳብም «ይሻሻል» ከማለት አላለፈም። ከዚያ በኋላ የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን በአንድ ቡድን የሚቀመጡትን ሰዎች ቁጥር ወደ 150 አወረደ፣ ጥያቄውንም አጠበበ። የመጀመሪያው ርዕስ የምግብ ብክነት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ዜጎቹ 23 ምክረ ሐሳብ አቀረቡ፣ በሐምሌ ደግሞ ኮሚሽኑ የቅነሳ ግብ ያለበት የሕግ ረቂቅ አወጣ። ጠባብ ጥያቄ መልሱን ለመከታተል እንደሚያመች እዚህ ላይ ይታያል።

ከሁሉ የሚከፋው መልስ ሲጠፋ ነው። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ማን እንደሚመልስ፣ በስንት ወር እንደሚመልስ፣ የተጣለው ሐሳብ የተጣለበትን ምክንያት ማን ፊት ለፊት እንደሚያስረዳ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ አየር ንብረት እንዲመክሩ 150 ዜጎችን በዕጣ ስትጠራ፣ ፕሬዚዳንት ማክሮን ሐሳባቸው «ሳይጣራ» ለፓርላማ፣ ለሕዝበ ውሳኔ ወይም ለመመሪያ እንደሚቀርብ ቃል ገቡ። ዜጎቹ 149 ሐሳብ አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ ሦስቱን ወዲያው ጣሉ፤ በአውራ ጎዳና ፍጥነትን በሰዓት ወደ 110 ኪሎ ሜትር ማውረድ አንዱ ነበር። ከቀሩትም ብዙዎቹ ተሸራርፈው ሕግ ውስጥ ገቡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ማብቂያ ዜጎቹ ተመልሰው ተሰብስበው መንግሥት ሐሳባቸውን ምን ያህል እንደተቀበለ ነጥብ ሲሰጡ፣ አማካዩ ከ10 ነጥብ 3.3 ብቻ ሆነ።